ስለ ክር ብቻ

ሐምሌ 8 ቀን 1976

ጋሽ ደገፋ ዛሬ ይህን ደብተር ሰጠኝና «ጠጂቱ፣ ሰው የሚመራ ሰው በየቀኑ ራሱን ይመርምር። ያየሽውን፣ ያጠፋሽውን ጻፊ። ሲሞላ አቃጥዪው» አለኝ። እኔ ደብተር የያዝኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት የደንበኛ ወገብና ትከሻ ልክ ብቻ ነው። ግን እሺ አልኩ። የጉባኤ ሽማግሌ ካዘዘ ይሆናል።

የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንገናኘው በየቤቱ ነው፣ ጥቂት ጥቂት ሆነን። እኔ ቤት ሦስት ሴቶች ይመጣሉ፦ እልፍነሽ የፋብሪካዋ፣ ትርንጎ ባለ ሕፃኗ፣ ባዩሽ ቀፊራ ሽንኩርት የምትቸረችረው። ማክሰኞ ማክሰኞ ዳንቴልና ኪሮሽ ይዘው ነው የሚገቡት። በር ከተንኳኳ ዳንቴል እያስተማርኳቸው ነው። ስፌተኛ ነኝ፣ ማን ይጠረጥራል?

አሁን ጋሽ ደገፋ የሚለው፣ ከሦስቱ አንዷን እስከ መስከረም ለመሪነት አዘጋጂ፣ ከዚያ ቤቱ ለሁለት ይከፈልና አንዱን እሷ ትያዘው ነው። በየተራ ይምሩ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ አለኝ። ዝም ብለሽ! ጠጂቱን! ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም።

ሐምሌ 10

ዛሬ ተራው የእልፍነሽ ነበር። ቃሉን አነበበች፣ ትንሽ ተናገረች፣ አበቃች። ይህቺ ሴት ቃል የምትሰጠው እንደ ቀበሌ ስኳር በኩፖን ነው። ነገሩ ደረቅ ሲልብኝ ስለ ሟቹ ባለቤቴ፣ ባቡሩ ከሐዲዱ የወጣ ጊዜ እንዴት እንደተረፈ፣ አንድ ምስክርነት ልጨምርላት ብዬ ጀመርኩ። መሃል ላይ «እትዬ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው» አለችኝ። ለስለስ ብላ ነው ያለችው። መለስለሷ ነው ያቃጠለኝ። ትርንጎ ሳቀች። ባዩሽም ትርንጎ ስለሳቀች ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ራስን መመርመር፦ አልተቀየምኩም።

ሐምሌ 14

ሥራ በዛ። የአሥረኛው ዓመት የአብዮት በዓል ደረሰ ተብሎ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ዩኒፎርም በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ የሺሐረግ ራሷ ለልኬት መጣች። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ግን እሷም ሰው ናት። ስለ ባሏ ኩላሊት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ስለሄደው ልጇ አወራችኝና እንባዋ መጣ። እኔም አጫወትኳት። የሚጠረጠረው ዝም የሚል ሰው ነው፤ ይህን እነ እልፍነሽ አያውቁትም።

«ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡት ሴቶች ምንድን ናቸው?» አለችኝ። «ዳንቴል አስተምራቸዋለሁ» አልኳት፣ ዐይኔን ሳልሰብር።

«ሥራቸው ያምራል?»

«ኧረ ተይኝ! አንዷማ ትርንጎ የምትባል፣ ከዳንቴሏ ድምፅዋ ይበልጣል። እያንጎራጎረች ስትሠራ የወርቅ ክር የምትፈትል ነው የምትመስለው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ጎበዝ ጠጂቱ፤ እንዲህ ነው ሽፋን ማለት።

ወይዘሮ የሺሐረግ ስትወጣ ሳሕራ ደጃፏ ላይ ሩዝ ትለቅም ነበር። ሳሕራ ጎረቤቴ ናት፣ በአንድ ግድግዳ ነው የምንኖረው፤ ማክሰኞ የምናደርገውን ታውቃለች፣ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። «አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ሜትሩ የሴትዮዋን ወገብ ይለካል፣ ያንቺን ምላስ ማን ይለካልሽ? ወላሂ እሱ ይረዝማል።» እስከማነባ ሳቅኩ። የሳሕራ ነገር!

ሐምሌ 24

ትርንጎ መራች። ልጁን አጥብታ አስተኛችና በሹክሹክታ አንድ መዝሙር ዘመረች። ከተማው በሙሉ ጫት ይዞ በርጫው ላይ ጋደም ያለበት ሰዓት ነው፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣል፣ በዚያ መሃል ያ ድምፅ! እኔ አለቀስኩ። ባዩሽ አለቀሰች። እልፍነሽ ግን ኪሮሿን አስቀምጣ «ትርንጎዬ፣ ድምፅሽ ግድግዳ ያልፋል። አንድ ቀን በዚህ ድምፅ ነው የሚወስዱሽ» አለቻት። መንፈሱን ሁሉ ገደለችው።

ሲወጡ ደግሞ ወደ ኋላ ቀርታ «እትዬ፣ አይቀየሙኝ፣ ደንበኛ ሲመጣ ስለ እኛ አያውሩ» አለችኝ። እኔን! መቼ አወራሁና! እሷ ገና በእናቷ ጀርባ ሳለች እኔ ለወንጌል የተሰደብኩ ሰው ነኝ። «እሺ ልጄ» ብዬ ሸኘኋት።

ቃሏን ግን ልጻፈው፣ እንዳይረሳኝ፦ በዚህ ድምፅ ነው የሚወስዱሽ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ይነገራል?

ነሐሴ 4

ጋሽ ደገፋ መጣ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ መስሎ። «ማን ደረሰች?» አለ።

ባዩሽ ጥሩ ናት አልኩ። ትሑት ናት፣ ጥያቄ አታበዛም።

«እልፍነሽስ? በእኔ ልብ ያለችው እሷ ናት።»

«ታነባለች፣ ትጸልያለች፣ ግን ልቧ ደረቅ ነው ጋሼ። ፍቅር ይቀራታል። ትንሽ ትቆይ።»

ሱሪውን አገላብጦ አየ። «አንቺ ነሽ አብረሻት ያለሽው» አለ።

ለእሷው ብዬ ነው። ያለ ጊዜው የተሾመ ሰው ይወድቃል።

ነሐሴ 11

ትርንጎን ወሰዷት።

ቦኖ ውኃ ተሰልፋ ሳለች። ሁለት የአብዮት ጥበቃ። ባዩሽ አጠገቧ ነበረች። አንደኛው «የወርቅ ክር የምትፈትለው ዘፋኝ አንቺ ነሽ?» አለና ሳቀ አለችኝ። ጀሪካኗ እዚያው ቀረ። ሕፃኑን ባዩሽ አመጣችልኝ።

ያለቅሳል። በሶ በስኳር በጥብጬ ብሰጠው ተፋው።

ነሐሴ 12

ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ አልቅሶ ድምፁ ተዘጋ። ጠዋት የሳሕራ ልጅ ሀሊሞ የራሷን ሕፃን ለእናቷ ሰጥታ ገባች፣ ሳትጠይቀኝ አነሳችውና ጡቷን ሰጠችው። ያዘ። ሳሕራ ከበሩ ላይ ቆማ «በቃ፣ የወተት ልጃችን ሆነ፤ ለሀሊሞ ልጅ ወንድሟ ነው፣ ሲያድጉ አይጋቡም» አለች። በእነሱ ሕግ እንደዚያ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል የጋብቻ ነገር ታወራለች ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ማን ተናገረ? ማን?

የወርቅ ክር ያሏት ከየት አምጥተው ነው? እንዲህ ዓይነት ነገር ማንም ሊል ይችላል። ድምፅዋን የሰማ ሁሉ ይለዋል። አፍ ላይ የሚመጣ ነገር ነው።

ነሐሴ 13

ጋሽ ደገፋ በመንገድ አገኘኝ፣ ከመጋላ ገበያ መግቢያ። እንደማንተዋወቅ ጎን ለጎን እየሄድን አወራን። ማንን ትጠረጥሪያለሽ አለኝ። ማንንም አልኩ። እግዜር ያውቃል፣ ማንንም አልኩ። ብቻ እልፍነሽ ሐምሌ 24 ያለችውን ነገርኩት፣ «በዚህ ድምፅ ነው የሚወስዱሽ» ያለችውን። የሰማሁትን ነው የነገርኩት፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ከዚያ «በሩ ይዘጋባት» አለ።

በር መዝጋት ማለት ለማያውቅ ሰው ክፉ አይመስልም። አትምጪ አይባልም። ሰው ተቆጥቶ ቀበሌ ይሄዳልና ምክንያቱም አይነገርም። በቀኗ ስትመጣ ይከፈትላታል፣ ወንበር ይሰጣታል፣ ስለ ዳንቴል ይወራል። ስለ ዳንቴል ብቻ። እሷ እስኪገባት ድረስ።

ወደ ቀበሌም ለትርንጎ ማንም እንዳይሄድ አለ። ማን ከማን ጋር እንደሆነ እንዳይታወቅ።

ነሐሴ 15

እልፍነሽ መጣች። ዐይኗ አብጧል፣ ሌሊት ፋብሪካ አድራ ነው። ተቀመጠች። «ለትርንጎ እንጸልይ» ብላ ዐይኗን ጨፈነች።

እኔ ባዩሽን አየኋት። ባዩሽ «ይሄን ክር ከየት ነው የገዛሽው እትዬ?» አለችኝ።

«ከዚያ ከሶማሌው ሱቅ። ነጩ አልቋል፣ ክሬም ነው ያለው።»

«ክሬሙም ያምራል።»

«ሲታጠብ ይለቃል እንጂ።»

እልፍነሽ ዐይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ወደ በሩ አየች፤ ሰው የመጣብን መስሏት። ማንም የለም። «ማን አለ?» ብላ በከንፈሯ ጠየቀችኝ። እኔ «ያንቺ ጠርዙ ተጣሟል፣ እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። ሰጠችኝ። አልተጣመመም። መልሼ ሰጠኋት።

እንደዚያ አወራን፣ ስለ ክር፣ ስለ ክር፣ ስለ ክር። አንድ ጊዜ «ልጁ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። ባዩሽ «ስምንት ቁጥር ኪሮሽ ይሻላል ወይስ አሥር?» አለች። ባዩሽ ይህን ያህል ትችያለሽ ቢሉኝ አላምንም ነበር። መሪ ይወጣታል።

ራስን መመርመር፦ ከባድ ነው። ግን የታዘዝኩትን አደረግሁ።

ነሐሴ 22

ከተራራው ዝናብ ወርዶ ደቻቱ ሞላ። ያ ቀን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚውል ወንዝ ዛፍና በርሜል ይዞ ያጓራል። ዛሬስ አትመጣም ብዬ ነበር፣ ቤቷ ከማዶ ነው። መጣች። ድልድዩን ለመያዝ ዞራ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና። ዳንቴሏን በፌስታል ጠቅልላ በጉያዋ ይዛው ነበር።

እግሯን የምትታጠብበት ውኃ ልሰጣት ተነሳሁና፣ በር መዝጋት ይህን ይፈቅዳል አይፈቅድም ማወቅ አቃተኝ። ተቀመጥኩ። ባዩሽ ስለ ክሬሙ ክር ጀመረች።

እልፍነሽ ጥቂት ሰማችን። ከዚያ «ገባኝ» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «እኔ አይደለሁም እትዬ። ግን ገባኝ።» የጨረሰችውን ዳንቴል ከፌስታሉ አውጥታ ስፌት መኪናው ላይ አነጠፈችውና ወጣች። እኛ አንዳችንም ጨርሰን አናውቅም፤ ሠርተን እየተረተርን እንደገና እንጀምራለን እንጂ። እሷ መቼ ጨረሰችው?

የበደለ ሰው እኮ ያለቅሳል፣ ይምላል። እሷ አላለቀሰችም። ይኸው፣ ልቧ ደረቅ ነው ያልኩት።

ጳጉሜ 3

ወይዘሮ የሺሐረግ ለመጨረሻው ልክ መጣች። ኮሌታው ያንቃታል፣ ወፍራለች። መርፌ አፌ ውስጥ ይዤ ዝም አልኩ፣ እሷ ታወራለች።

«ያቺ ዘፋኝሽ ግትር ናት ባክሽ። ለበዓሉ ‹ከሁሉም በላይ አብዮቱ› ብለሽ ዘምሪ ቢሏት ከሁሉም በላይስ ጌታ ነው ትላለች። ውስጥ እግሯን ሲገርፏት ትዘምራለች እንጂ! ከእሷ የባሰች ደግሞ መጣችልሽ። እልፍነሽ የምትባል፣ የፋብሪካ ሠራተኛ። ምግብ ይዛ ሰተት ብላ። ሌላ ማንም ዞር ብሎ ያያት የለም፣ እሷ ግን በሰሐን ቋጥራ! ምኗ ነሽ ስትባል ‹ጓደኛዋ ነኝ›። ግራ እጅሽን አንሺና ፈክሪ፣ እምቢ። አስቀሯታ። የት ነው የምትሰበሰቡት ስትባል ድንጋይ። እኔ ፊት ነው ያደረጉት፣ ወገቧን... ተይው። አንድ ስም ከአፏ አልወጣም። አንድ! እኔ ብሆን ኖሮ የእናቴንም ስም እነግራቸው ነበር።»

«ትንሽ ቀና በይልኝ» አልኳት።

«አንቺስ አታውቂያትም? እልፍነሽን።»

«ዳንቴል ትማር ነበር» አልኩ። «ትታዋለች።»

ኮሌታውን አሰፋሁላት። ደስ ብሏት ሄደች።

መስከረም 2 ቀን 1977

በዓሉ አለፈ። የሰፋሁት ሁሉ በከዚራ ሰፈር አስፋልት ተሰልፎ አለፈ። አንድም ስፌት አልተተረተረ። ትርንጎን መኪና ላይ አቁመዋታል፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት። ማይክራፎን ሰጧት። አፏን ከፈተች፣ የወጣው ሲርሲር የሚል ነገር ነው፣ እንደ ተሰነጠቀ ፉጨት። ሕዝቡ ሳቀ። ማይክራፎኑን ቀሟት።

ከሳሕራ ጋር ነበር የቆምኩት። ሳሕራ አንዴም አላጨበጨበችም። እኔ አጨብጭቤያለሁ፣ ሰው ያያል።

መስከረም 6

ትርንጎን ለቀቋት። ከእንግዲህ ለማንም አትጠቅምም ብለው መሰለኝ። ልጇን ልትወስድ ገባች፣ በተረከዟ ነው የምትረግጠው። አቀፈችው። ጡቷ ደርቋል። ሕፃኑ ፊቷን አላወቀውም፤ ጮኸና እጁን ወደ ሀሊሞ ዘረጋ። ሀሊሞ አልነካውም አለች፣ ልጁ ግን እየጮኸ እጁን አላጠፈም።

ትርንጎ «እልፍዬን አልፈቷትም» አለችኝ በዚያ ሲርሲርታ። «በእኔ ላይ ሊመጡ ሲሉ እሷ ክፉ ትናገራቸዋለች፣ ወደ እሷ ይዞራሉ። ሆን ብላ ነው። እትዬ፣ ምግብ አስይዛችሁ የላካችኋት እናንተ ናችሁ ኣ?»

ባዩሽ ወደ እኔ አየች። እኔ «አዎ» አልኩ።

መስከረም 7

ሳሕራ የሩዝ ሳፋዋን ይዛ፣ ሀሊሞን አስከትላ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ጠጂቱ። የወርቅ ክሩን ለሴትዮዋ የሸጥሽላት አንቺ ነሽ።»

«የምን ክር?»

«ግድግዳው አንድ ነው አባዮ። አንቺ ስትስቂ ሰምቻለሁ፣ እሷ ስትስቅ ሰምቻለሁ። ትርንጎ የምትባል አልሽ። ያቺ እልፍነሽ በሰው ጥፋት እየተገረፈች ነው። ሂጂና ለሽማግሌያችሁ ንገሪ።»

«ሳሕራ፣ አማርኛው ሳይገባሽ ቀርቶ ነው» አልኳት። «እኔ ስለ ክር ነው ያወራሁት።»

ከዚያ በሶማሊኛ ለሀሊሞ አንድ ነገር ተናገረች። ሀሊሞ ቀና ብላ አላየችኝም።

ትዳሬን፣ ሐዘኔን፣ ሚስጥሬን ሁሉ ስነግራት ኖሬያለሁ፣ በዚያው በአማርኛ። ለካ አማርኛዋ ደካማ ነው። እስከዛሬ አላስተዋልኩትም ነበር።

መስከረም 21

ባዩሽ ቤቷን ከፈተች። አራት ሴቶች ተሰጧት። እጄን ጭና ባረክኋት። ጋሽ ደገፋ «ጥሩ አሰልጥነሻታል» አለኝ።

ሳሕራ በደጃፏ ስታየኝ ሳፋዋን ይዛ ትገባለች። ትናንት ሰላም ስላት፣ «ሩዝ ተወደደ» አለችኝ። ሌላ ምንም። ሩዝ ተወደደ።

ጥቅምት 4

እልፍነሽ ወጣች። ፋብሪካው አልመለሳትም። በበሬ ፊት ስታልፍ አየኋት፤ ወገቧ ቀጥ አይልም፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ እያደረገች ነው የምትሄደው። በሩ ክፍት ነበር። ቆመች። እኔ ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብዬ ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ጨርቅ አልነበረበትም። ቀና ስል የለችም።

ከሰዓት ጋሽ ደገፋ መጣ። ሽማግሎቹ በእሷ ጉዳይ ሊወስኑ ነው። «ጠጂቱ፣ ውስጥ ሳለች ስም አውጥታ እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ አለ? ካላወጣች በሩን ከፍተን፣ ተንበርክከን ይቅርታ መጠየቅ አለብን። ፋብሪካው ጥሏታል፣ ቤት ኪራይ አለባት፣ ከእኛ በቀር ማንም የላትም።»

ልነግረው ነበር። አንድ ስም ከአፏ አልወጣም ብዬ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከማን ሰማሽ ይለኛል። ከሊቀመንበሯ ብል፣ ከእሷ ጋር ምን ታወሪያለሽ ይላል። ከዚያ ሌላ ይጠይቃል። ከዚያ ሌላ። ቤቱ ይበተናል። እነዚህን ሴቶች ማን ይይዛቸዋል? እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም።

«የምናውቅበት መንገድ የለም ጋሼ» አልኩት። «ትንሽ ትቆይ።»

ራሱን ነቀነቀ። ተዘግቶ ይቆይ አለ።

ጥቅምት 6

ሁለት አዳዲስ ሴቶች ጀመሩ፣ ዳንቴልና ኪሮሽ ይዘው። ልጆች ናቸው፣ ደስ ይላሉ። እኔ እንደድሮዬ አጫወትኳቸው፣ አሳቅኋቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ አፍ ነው። በአንድ ሰው አፍ ስንት ሰው እንደሚጠፋ ነገርኳቸው። ለምሳሌ ብዬ፣ ስም ሳልጠራ፣ እዚህ ትማር ስለነበረች አንዲት ሴት ነገርኳቸው። እህቷን አሳልፋ ስለሰጠች። ሁለቱም ፈሩ። መፍራታቸው ጥሩ ነው።

አንደኛዋ ስፌት መኪናው ላይ ያለውን ዳንቴል ዳሰሰችው። «እትዬ፣ ይሄንን ማን ሠራው? እንዴት ነው የሚያምረው!»

«ጠርዙ ተጣሟል» አልኳት።

ደብተሩ ሞላ፣ ይህ የመጨረሻው ገጽ ነው። ከሰሉ ካውያው ውስጥ ፍም ሆኗል፣ አንድ ሸሚዝ ተኩሼ ደብተሩን ለፍሙ እሰጠዋለሁ።

ራስን መመርመር፦ ከመጀመሪያው እስከዚህ መልሼ አነበብኩት። ምንም አላገኘሁም።